በኢንተርኔት እንግሊዝኛ ለመማር ከመወሰንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አርሲ ውስጥ ሳጉሬም ሆነ አሰላ፣ በቆጂም ሆነ ኢተያ ያለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዛሬ ስልኩን በከፈተ ቁጥር የእንግሊዝኛ ኮርስ ማስታወቂያ ይገጥመዋል። አንዱ በሦስት ወር አቀላጥፈው እንደሚናገሩ ቃል ይገባል፤ ሌላው ሰርተፍኬት፤ ሌላው ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት። ክፍያውን በቴሌብር ከመላክዎ በፊት ቆም ብለው ቢያነሷቸው የሚጠቅሙ ጥያቄዎች አሉ። ጥያቄዎቹ የወጡት በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ ግቢው ሲዘጋ እንግሊዝኛን ከስልክ ላይ ለመማር ከታገለው ተማሪ ልምድ ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ማንበብና ማዳመጥ በኢንተርኔት በደንብ ይለመዳሉ፤ አንዳንዴም ከክፍል በተሻለ። መናገርና መጻፍ ግን ሌላ ሰው ይፈልጋሉ፤ የሚሰማ፣ የሚያርም፣ የሚመልስ። ስለዚህ አንድን ኮርስ ሲመዝኑ ከቪዲዮው ጥራትና ከመምህሩ አነጋገር በፊት ይህን ይዩ፦ እርስዎ የተናገሩትንና የጻፉትን በሳምንት ስንት ጊዜ ሰው ይሰማዋል፣ ስንት ጊዜስ ያነበዋል?

የ2012ን ጉዳይ በልኩ ይዩት

ከዚያ ዓመት ተነስተው «የኢንተርኔት ትምህርት አይሠራም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ከመስማማትዎ በፊት የሆነውን ያስታውሱ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ትምህርት አቋርጠው ብዙ ሳይቆዩ ተማሪውን ወደየቤቱ ሸኙ። ባዶ የቀሩ ዶርሞች በብዙ ከተሞች ለይቶ ማቆያ ሆኑ። የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የድህረ ምረቃው ትምህርት በኢንተርኔት እንዲቀጥል ሲያደርግ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው እጅ የደረሰው በአብዛኛው በቴሌግራምና በኢሜይል የተላከ ማንበቢያ ነበር፤ ሞጁል፣ ሀንድአውት፣ ስላይድ።

ከዚያ ሁሉ ተማሪ ውስጥ የመጀመሪያ ዓመቶቹ ነገር በተለይ ያሳስበኛል። ተቋርጦ የቆየው የፍሬሽማን ፕሮግራም እንደገና የተመለሰው በዚያው በ2012 ነው። ከፕሮግራሙ ዓላማዎች አንዱ የተማሪውን እንግሊዝኛ ማጠንከር ስለነበር፣ ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ ላንጉዌጅ ስኪልስ የሚባለው ኮርስ አንድና ሁለት ተብሎ በሁለት መንፈቅ እንዲሰጥ ተደረገ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቹ ሁለተኛውን ሳይጨርሱ ነው በሩ የተዘጋባቸው። በቡድን ለመነጋገር፣ ክፍል ፊት ቆሞ ለማቅረብ፣ አንቀጽ ጽፎ ለመታረም የተቀረጸ ኮርስ በአንድ ጊዜ የሚነበብ ፋይል ሆኖ ቀረ። ሲመለሱም የተረፈው ትምህርት በታጨቀ ጊዜ ተሰጥቶ አለቀ፤ ያውም አፍ በማስክ ተሸፍኖ። የመምህሩን ከንፈር እያዩ ድምፅ መለየት ለሚፈልግ ጀማሪ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ግቢዎች በተዘጉበት በዚያው መጋቢት፣ በወሩ አጋማሽ ገደማ፣ ቻርልስ ሆጅስ የሚባሉ አሜሪካዊ ምሁርና አራት ባልደረቦቻቸው አንድ ጽሑፍ አውጥተው ነበር። በጥድፊያ ወደ ኢንተርኔት የተዛወረን ትምህርት ታስቦበት ከተዘጋጀ የኢንተርኔት ትምህርት ጋር አንድ አድርጎ መፍረድ ስህተት ነው፤ አንድን የዩኒቨርሲቲ ኮርስ ለኢንተርኔት በወጉ ማዘጋጀት ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይወስዳል ይላሉ። እውነት ነው። በዚያ የጸደይ ወቅት በዓለም ላይ ከ190 በላይ አገሮች ውስጥ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪ ከክፍል ውጭ ሆኖ ነበር፤ ስድስት ወር ቀርቶ ስድስት ቀን የተዘጋጀ ተቋም ጥቂት ነው።

ስለዚህ 2012ን አይተው ኢንተርኔቱን አይናቁ። ግን ዛሬም ፒዲኤፍ በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጥሎ «ኮርስ» የሚል ሻጭ ሲያጋጥምዎ ይለዩት፤ የዚያን ዓመት ድንገተኛ መፍትሄ በገንዘብ እየሸጠልዎ ነው።

ማን ይሰማዎታል?

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሰጥተው የሚጠይቁት ይህን ነው።

ሒሳቡን አብረን እናስላ። የአንድ ሰዓት የቀጥታ ክፍለ ጊዜ አለ እንበል። 50 ተማሪ ገብቷል። መምህሩ ግማሹን ሰዓት ይናገራሉ። የቀረው 30 ደቂቃ ለ50 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 36 ሰከንድ ነው፤ ሰላምታው፣ «ይሰማኛል?» እና «ማይክህን ክፈት» የሚሉት ሳይቀነሱ። ይህን ኮርስ በሳምንት ሁለቴ ለሦስት ወር ቢከታተሉ አፍዎ የሚከፈተው በድምሩ ለሩብ ሰዓት ያህል ነው። በሩብ ሰዓት የሚፈታ አንደበት የለም። ስለዚህ ሲደውሉ «መምህሩ ማን ናቸው?» ከማለትዎ በፊት «በአንድ ክፍለ ጊዜ ስንት ሰው ነው የሚገባው? ጥንድ ጥንድ እየሆንን የምንነጋገርበት ጊዜ አለ?» ይበሉ። ከአስር ሰው በላይ ከሆነና ጥንድ ሥራ ከሌለው፣ የሚከፍሉት ለማዳመጥ መሆኑን አውቀው ይግቡ።

በኮሮናው ወቅት በቀጥታ ክፍል የገባው ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ካሜራውን ዘግቶ፣ ማይኩን አጥፍቶ ነበር የሚቀመጠው። ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይመስለኝም። ካሜራ ዳታ ይበላል። ማይክ ሲከፈት ደግሞ የቤቱ ድምፅ ሁሉ አብሮ ይወጣል፤ የሕፃን ለቅሶ፣ የጎረቤት ጥሪ፣ የዶሮው ጩኸት። በእንግሊዝኛው ላይ ያፈረ ተማሪ በቤቱም እንዲያፍር ሲደረግ ዝም ማለትን ይመርጣል። ክፍል ውስጥ ቢሆን መምህር የተማሪውን ፊት አይቶ እንዳልገባው ይረዳል፤ በጥቁር ሳጥን ላይ የተጻፈ ስም ግን ምንም አይናገርም።

በሌላ በኩል ያልተጠበቀ ጥቅም ያገኙም ነበሩ። በ50 ሰው ፊት መቆም የሚያስፈራው ተማሪ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ሲልክ አፉ ሊፈታ ይችላል። ራሱን ቀድቶ ያዳምጣል፤ ካልወደደው ያጠፋል፤ ደግሞ ይቀዳል። ሦስተኛው ቅጂ ከመጀመሪያው እንደሚሻል በጆሮው ይሰማል። መምህሩም ማታ ተቀምጠው አዳምጠው በድምፅ ይመልሱለታል። ለመስመሩም ቀላል ነው፤ የድምፅ መልእክት ከቪዲዮ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል ዳታ አይወስድም። ለሳጉሬ ተማሪ የሚመች የንግግር ትምህርት ምረጥ ብባል ከትልቅ የቪዲዮ ስብሰባ ይልቅ በሳምንት ሦስት የድምፅ መልእክት ተቀብሎ እያንዳንዱን የሚመልስ መምህር እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ግን ይወቁ። መስመር ሲደክም የሚታፈነው ድምፅ ሁሉም እኩል አይደለም። እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ቀድመው ስለሚጠፉ በስልክ ይምታታሉ፤ የቃል መጨረሻ ላይ የምትመጣው የብዙ ቁጥር «ስ» ጭራሽ ሳትሰማ ልትቀር ትችላለች። በእንግሊዝኛ ደግሞ ይቺ ድምፅ ብዙ ሸክም አለባት። ስለዚህ አነባበብን ለመማር ከሆነ በተቆራረጠ የቀጥታ መስመር ላይ አይድከሙ፤ የተቀዳ ድምፅ አውርደው በጆሮ ማዳመጫ ይስሙ። በአፋን ኦሮሞ አፍ የፈቱ ከሆነ ደግሞ አንድ ስንቅ ይዘዋል፤ ቋንቋዎ ረጅምና አጭር አናባቢን ስለሚለይ፣ በእንግሊዝኛ እዚያ ላይ ያለውን ልዩነት ለማድመጥ ጆሮዎ ለምዷል። ጥሩ መምህር ይህን ያውቃል፤ «የተማሪዎችዎ አፍ መፍቻ ቋንቋ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁት።

ሰሚ የሌለው ትምህርት ለእኛ ተማሪ አዲስ አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው በሳተላይት በሚመጣው «ፕላዝማ» ሲማር ኖሯል። የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ጠይቆ፣ ጥቂት ሰከንድ ቆጥሮ፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። ተማሪው ደረሰም አልደረሰም አያውቅም። እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ 9ኛ ላይ ሁሉም ትምህርት በአንዴ ወደ እንግሊዝኛ ለሚዞርበት የአርሲ ልጅ ያ ፍጥነት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። ኮርስዎ የተቀዳ ቪዲዮ ብቻ ከሆነ ከፕላዝማው የሚለየው ማቆሚያ ስላለው ነው። ማቆሚያው ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ሰሚ አይሆንም።

የጻፉት ተመልሶ ይመጣል?

በ2012ና 2013 ተማሪው አሳይመንት ልኮ ብዙ ጊዜ የደረሰው መልስ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ከ20 ስንት። የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደተሰበረ፣ የትኛው ጊዜ እንደተዛባ የሚያሳይ ምልክት የለም። መምህራኑንም መውቀስ ይከብደኛል፤ የመቶ ሰው ጽሑፍ ከስልክ ላይ ማረም ዓይን ያፈሳል። ከተማሪውም ወገን አንድ ሰው የሠራው በግሩፑ ዞሮ ስም ብቻ ተቀይሮ የሚገባበት ጊዜ ነበር። ያ ልማድ እንግሊዝኛን አላስተማረም።

አሁን ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ አሉ። ጽሑፍዎን ቢሰጧቸው በሰከንድ አርመው ይመልሳሉ፤ ይህም ለሳጉሬ ተማሪ እንደ ቀላል የሚታይ ጸጋ አይደለም፤ ድሮ አራሚ ፍለጋ አሰላ ድረስ መሄድ ይጠይቅ ነበር። ነገር ግን አርመው የሰጡትን ገልብጠው ካስረከቡ የተማሩት ነገር የለም። አጠቃቀሙ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ መጀመሪያ በወረቀት ላይ በእጅዎ ይጻፉ፤ የስልኩ ፊደል አራሚ ስህተትዎን ሳይደብቅብዎ። ከዚያ ወደ ስልኩ ያስገቡና «አትጻፍልኝ፤ ስህተቴን አንድ በአንድ ጠቁመህ ምክንያቱን ንገረኝ» ይበሉት። ማረሚያውን ራስዎ ያድርጉ። በማግስቱ ያንኑ አንቀጽ ሳያዩ ደግመው ይጻፉት። ኮርሱ ሰው አራሚ ካለው ደግሞ «በወር ስንት ጽሑፍ ታርሞ ይመለስልኛል? በስንት ቀን?» ብለው ይጠይቁ፤ የቆየ ናሙናም እንዲያሳዩዎ ይለምኑ። ማሳየት ያልፈለገ አያርምም።

ኔትወርኩና መብራቱ በትምህርቱ ሰዓት እንዴት ናቸው?

ሳጉሬ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ያለች የዲገሉና ጢጆ ወረዳ ከተማ ናት። ከተማው ውስጥ የሚይዘው ኔትወርክ ወደ ገጠሩ ቀበሌ ጥቂት ሲርቁ ይለወጣል። በዚያ ላይ በክረምት የመብራት መስመር ይወድቃል። ስለዚህ «እኛ ጋ ኔትወርክ አለ» የሚለው በቂ አይደለም። ትምህርቱ ማታ ሁለት ሰዓት ከሆነ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከሚቀመጡበት ቤት ውስጥ ሆነው፣ ከጓደኛዎ ጋር ለአንድ ሰዓት በቪዲዮ ይነጋገሩና ይዩት። ያ ሰዓት ሰው ሁሉ ስልኩን የሚከፍትበት ነው። ቴሌም ሳፋሪኮምም የሚይዝ ከሆነ ሁለቱንም ይሞክሩ።

ዳታውንም ያስሉ። በዙም የቡድን ቪዲዮ በሰዓት ከ800 ሜጋባይት እስከ 2 ጊጋባይትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ካሜራ ተዘግቶ ድምፅ ብቻ ሲሆን ግን በሰዓት ወደ 30 እና 40 ሜጋባይት ይወርዳል። ልዩነቱ የአንድ ወር ጥቅል ነው። «ካሜራ ሳልከፍት መከታተል እችላለሁ? የቀጥታው ትምህርት ተቀድቶ ይቀመጣል? የድምፅ ብቻ ቅጂ አለው?» ይበሉ። ሦስቱንም «አዎ» ካሉዎ ኮርሱን ያዘጋጀው ሰው እንደ እርስዎ ያለ ተማሪ አስቦ ነበር።

ኢንተርኔቱ ጭራሽ የሚቋረጥበትም ጊዜ አለ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግስቱ ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ተዘጋና ለሦስት ሳምንት ያህል አልተመለሰም። ኦሮሚያ በሐዘንና በሁከት ውስጥ ነበረች፤ በዚያ ሰሞን ስለ እንግሊዝኛ ኮርስ ማሰብ ራሱ የሚከብድ ነበር። ሆኖም በኢንተርኔት ይማር የነበረው የድህረ ምረቃ ተማሪ የደረሰበት ነገር ትምህርት ይሰጣል፦ ሞጁሉን ስልኩ ላይ አውርዶ የነበረው ማንበቡን ቀጠለ፤ ሁሉን በሊንክ የያዘው ባዶ እጁን ቀረ። ስለዚህ ኮርሱ የሚወርድ ነገር ሊኖረው ይገባል፤ ቢያንስ የአንድ ወር ትምህርት በሜሞሪ ካርድዎ ላይ ይኑር። ወደ አሰላ ሲሄዱ ወይም ግቢ ውስጥ ዋይፋይ ሲያገኙ ያውርዱ፤ ሳጉሬ ላይ ይማሩ።

ቤተሰብ ያውቃል?

በኮሮናው ጊዜ ከኔትወርክ እኩል ያስቸገረው የቤት ሁኔታ ነው። ተማሪው ወደ አርሲ ደጋ የተመለሰው መሬት በሚታረስበት ወቅት ነበር። ሰኔና ሐምሌ የስንዴና የገብስ ዘር ጊዜ ነው፤ ከዚያ አረሙ ይከተላል። ጠንካራ ጎረምሳ ቤት ተቀምጦ ስልክ ሲያይ የሚያይ አባት «ትምህርት ላይ ነው» ብሎ ማለፍ ይቸግረዋል፤ ስልክ ለእሱ መደዋወያና መዝናኛ እንጂ የመማሪያ ክፍል አይደለም።

ለሴት ተማሪዎች ይብስ ነበር። ግቢ ውስጥ ዶርም ያላት፣ ቤተ መጻሕፍት የምትገባ፣ እስከ ሌሊት የምታነብ ልጅ ቤቷ ስትመለስ ውኃው፣ እንጀራው፣ ቡናው፣ የታናናሾቿ ነገር ወደ እጇ ይመጣል። ትምህርቷ የሚጀምረው ሁሉም ሲተኛ ነው፤ ያኔ ደግሞ ባትሪው አልቋል። ከወንድሟ ጋር አንድ ዓይነት ኮርስ ተመዝግበው የጊዜዋ መጠን ግማሽ ሊሆን ይችላል። ወላጅ ሆነው ይህን የሚያነቡ ካሉ እባክዎ ይህን ያስቡበት፤ ለልጅዎ የኮርስ ክፍያ ከመስጠት በፊት በቀን የማትታዘዝበት አንድ ሰዓት ይስጧት።

ተማሪው ደግሞ ከመመዝገቡ በፊት ቁጭ ብሎ ለቤተሰቡ ይናገር። የትኞቹ ቀናት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት፣ ለስንት ሳምንት። ስልኩ የጋራ ከሆነ በዚያ ሰዓት ማን ዘንድ እንደሚሆን። ኮርሱ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሚውል ከሆነ አጨዳው አለ፤ ኮምባይነር ሲደርስ የማንም ሰዓት አይከበርም። ቢቻል ከአጨዳው በኋላ የሚጀምር ዙር ይምረጡ።

ለምን ፈለጉት?

«እንግሊዝኛዬን ለማሻሻል» የሚል መልስ ኮርስ አያስመርጥም። ጠበብ ያድርጉት።

የመውጫ ፈተና ያሳስብዎታል እንበል። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች በኮምፒውተር የሚሰጥ ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የሚፈትነው የሙያ መስክዎን ነው፤ ጥያቄዎቹ ግን በእንግሊዝኛ ናቸውና ረጅም ጥያቄ ቶሎ አንብቦ መረዳት ይጠይቃል። ለዚህ «አቀላጥፈው ይናገሩ» የሚለው ኮርስ አይረዳዎትም። የሚረዳዎ የራስዎን ዲፓርትመንት መጽሐፍ በቀን ሁለት ገጽ በሰዓት እየለኩ ማንበብ፣ የማያውቁትን ቃል በደብተር መያዝ ነው። ይህ ደግሞ ክፍያ የለውም።

ሬሜዲያል ላይ ላሉትም ተመሳሳይ ነው። ጥቅምት 2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ ሬሜዲያሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እንግሊዝኛም ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ ነው። መጀመሪያ የሚከታተሉትን ይያዙ። የተጨማሪ ኮርስ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ውጭ አገር ለመማር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የፈተና ጣቢያዎች ሲዘጉ ቶፍልን ከቤት መፈተን ተጀመረ፤ የዱኦሊንጎ የእንግሊዝኛ ፈተናንም የሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች በዙ። ከቤት የሚሰጥ ፈተና ለሩቅ አካባቢ ሰው ዕድል ነው፤ ግን ካሜራ ያለው መሣሪያ፣ ሰው የማይገባበት ክፍልና የማይቆራረጥ መስመር ይጠይቃል። ክፍያው በዶላር ስለሆነ የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድም ያስፈልግዎታል። ፈተናውን ከሳጉሬ ከመሞከር አሰላ ወይም አዳማ የታወቀ መስመር ያለበት ቦታ ማግኘት፣ ወይም አዲስ አበባ ሄዶ አይኤልትስ መቀመጥ ይሻላል ባይ ነኝ። የሦስቱም ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው፤ ማመልከቻዎ ገና ከሆነ አይቸኩሉ። የሚያመለክቱበት ዩኒቨርሲቲ የትኛውን እንደሚቀበል ሳያረጋግጡ ደግሞ አንድም ዶላር አያውጡ።

ሰርተፍኬቱ

አጭር ነው። ለአጭር የቋንቋ ኮርስ የሚሰጥ ወረቀት ቀጣሪ ፊት ብዙ ክብደት የለውም፤ ቃለ መጠይቁ ላይ አፍዎ ይመሰክራል። ተቋሙ «እውቅና አለን» ካለ እውቅናውን ማን እንደሰጠው፣ ለየትኛው ፕሮግራም እንደሰጠው ይጠይቁ፤ ከዚያ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ይጠይቁ። ለአንድ ፕሮግራም የተሰጠ ፈቃድ ለሌላው አይሆንም።

ከመክፈልዎ በፊት በነፃ ያለውን አይተዋል?

የብሪቲሽ ካውንስል የእንግሊዝኛ መማሪያ ገጽ በየደረጃው የተከፋፈለ ትምህርት በነፃ ይሰጣል። ቢቢሲ የስድስት ደቂቃ የእንግሊዝኛ ዝግጅት አለው፤ ድምፁ ጥቂት ሜጋባይት ስለሆነ በቀላሉ ይወርዳል፤ ንግግሩ በጽሑፍም አብሮ አለ። መጀመሪያ ያለ ጽሑፉ፣ ቀጥሎ ከጽሑፉ ጋር፣ ከዚያ ደግሞ ያለ ጽሑፉ ያዳምጡት። ዩኒቨርሲቲዎች የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከላት አሏቸው፤ ተማሪው ረስቷቸዋል እንጂ። የእርስዎ ግቢ ማዕከል ምን እንደሚሰጥ ሄደው ይጠይቁ። ትምህርት ሚኒስቴርም ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ከሻያሾን ጋር መምህራንና ተማሪዎችን ለኢንተርኔት ትምህርት የሚያዘጋጅ ኢ-ሺ የተባለ ፕሮግራም አለው፤ የትኛው ኮርስ በዩኒቨርሲቲዎ ገጽ ላይ እንደተጫነ ዲፓርትመንትዎን ይጠይቁ።

ነፃው ነገር ሰሚ የለውም፤ ሰሚውን እርስዎ ይፈልጉ። ሳጉሬ ውስጥ ለክረምት እረፍት የመጡ ሦስት አራት ተማሪዎች አይጠፉም። አንድ ዝግጅት አራታችሁም አዳምጣችሁ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ተገናኝታችሁ፣ እየተዘዋወራችሁ በእንግሊዝኛ ብትነጋገሩበት ለእያንዳንዳችሁ በሰዓት ሩብ ሰዓት ይደርሳል። ከላይ ያሰላነው የ50 ሰው ክፍል ይህን ለመስጠት ሦስት ወር ይፈጅበታል። «ሰው ይስቅብናል» ካላችሁ ከከተማው ወጣ በሉ፤ አገሩ ሰፊ ነው።

ወስነው ከተመዘገቡ

ለሦስት ወር በአንዴ አይክፈሉ፤ በወር የሚከፈል ከሌለ ቢያንስ የሁለት ሳምንት ሙከራ ይጠይቁ። ገንዘብ የሚመለስበትን ሁኔታ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ የቴሌግራም መልእክትም ቢሆን አያጥፉት። በሁለቱ ሳምንታት ሦስት ነገር በደብተር ይመዝግቡ፦ ስንት ደቂቃ እንደተናገሩ፣ ስንት ጽሑፍ ታርሞ እንደተመለሰልዎ፣ ስንት ክፍለ ጊዜ በኔትወርክ ወይም በመብራት እንደተቋረጠብዎ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዜሮ ከሆኑ በ15ኛው ቀን ይውጡ። ችግሩ ሦስተኛው ብቻ ከሆነ ግን ኮርሱን አይተዉት፤ ለመምህሩ ይጻፉና ከቀጥታው ክፍል ወደ ድምፅ መልእክት እንዲያዛውሩዎ ይጠይቁ።